ለሞተር ቦታ መስጠት የእግረኛን መንገድ ማስመለስ ነው

ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት በከዚራ የሚያልፍ ሰው የድሬዳዋን የመንገድ ችግር ባለሙያ ሳይነግረው ይረዳዋል። ከዛፎቹ ሥር ባለው ጥላ ሞተር ሳይክሎች ተደርድረዋል። እግረኛው ጥላውን ለሞተር ለቅቆ፣ ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል። እናት ልጇን እጁን ይዛ በዚያው ታልፋለች፤ አዛውንቱም ምርኩዛቸውን ተደግፈው በዚያው ይወርዳሉ። እግረኛው በሞተረኛው ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

ሞተረኛው ግን ምን ያድርግ? ፀሐይ ላይ ቢያቆመው ከአንድ ሰዓት በኋላ መቀመጫው አያስነካም። መንገድ ዳር ቢያቆመው የሚታጠፍ ባጃጅ ገጭቶ ይጥለዋል። መኪና ማቆሚያ ቢያስገባው "ይሄ የመኪና ነው" ተብሎ ይመለሳል። ለሞተር ተብሎ የተለየ ቦታ ሲፈልግ ደግሞ በአቅራቢያው አያገኝም። ስለዚህ ያገኘውን ይይዛል፤ ያገኘው ደግሞ የእግረኛውን ነው።

የዚህ ሐተታ አቋም ከዚህ ይነሣል። ሞተር በድሬዳዋ ጎዳናዎች ላይ ቀን ከሌት ይመላለሳል፤ በመንገዱ አሠራርና ዕቅድ ውስጥ ግን እንደ ራሱ የቻለ ተሽከርካሪ አይታሰብም። ሲያስፈልግ እንደ ትንሽ መኪና፣ ሲያስቸግር እንደ ትልቅ ብስክሌት ይቆጠራል። ቦታ ያልተሰጠው ሞተር ከከተማው አይጠፋም፤ የሌላውን ቦታ ይወስዳል፣ የሚወስደውም ሁልጊዜ ከእሱ ይልቅ ደካማ የሆነውን ሰው ቦታ ነው። ለሞተር መንገድና ማቆሚያ ማበጀት ለእግረኛ፣ ለብስክሌተኛና ለባለሱቁ ጭምር የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ባቡር የቆረቆራት፣ ባጃጅ ያለመዳት ከተማ

የጅቡቲ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ሐዲዱን ተራራ አስወጥቶ ሐረር ማድረሱ ከባድ በመሆኑ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ተተከለ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ከዚራ በባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች የተነደፈ ስለሆነ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የተተከለባቸው፣ በመደበኛ ማዕዘን የሚገናኙ ናቸው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን ነጋዴና ግመል በሄዱበት ፈለግ ያደገ በመሆኑ መንገዶቹ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው። አንድ ከተማ ሁለት የመንገድ ጠባይ ይዛ አደገች፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ሞተር ሳይክል በንድፉ ውስጥ አልነበረም።

ከተማዋ ሜዳ ላይ ያረፈች በመሆኗ ለብስክሌት ትመች ነበር። በኋላ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ባጃጅን ቀድመው ከለመዱት የሀገራችን ከተሞች አንዷ ሆነች። ባጃጅ ለድሬ ሰው ከቤት እስከ ቀፊራ ገበያ፣ ከሳቢያን እስከ ድል ጮራ ሆስፒታል የሚያደርሰው የዕለት ተዕለት መጓጓዣው ነው። ከባጃጁ ጎን ለጎን ሞተር እየበዛ መጣ።

የበዛበት ምክንያት ከከተማዋ መስፋት ጋር የተያያዘ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በከተማው ክልል የተቆጠረው ነዋሪ 233 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤትና ሥራ ከመሀል ከተማው እየራቁ ሄደዋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሃር ከከዚራ መሀል ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 የተመረቀው የነጻ ንግድ ቀጠናም ሠራተኛን ረጅም መንገድ ያስኬዳሉ። ከከተማው ውጭ ደግሞ እንደ ጀልዴሳ፣ አሰሊሶ፣ ዋሂልና ቢዮ አዋሌ ያሉ የገጠር አካባቢዎች አሉ፤ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች እዚያ ለመድረስ ሞተር ይሻሉ።

ስለዚህ በድሬዳዋ ሞተረኛ ሲባል አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ወደ አእምሮ ሊመጣ አይገባም። ዕቃ የሚያደርስ ወጣት አለ። ከሱቅ ሱቅ መለዋወጫ የሚያመላልስ ነጋዴ አለ። የውኃ ቆጣሪ የሚያነብ፣ የተበጠሰ መስመር የሚቀጥል ሠራተኛ አለ። መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው፣ ግን በየቀኑ ለባጃጅ የሚከፍለው ገንዘብ የከበደው አባወራም አለ። እነዚህ ሁሉ ከተማዋ በሚያስፈልጋት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው።

መንገዱ ከሁለት ጎማ ላይ ሲታይ

መንገድን የሚሠራውም የሚመረምረውም ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው አራት ጎማን ነው። በአራት ጎማ ለሚሄድ ሰው መንገጫገጭ ብቻ የሆነ ነገር በሁለት ጎማ ለሚሄድ ሰው ስብራት ሊሆን ይችላል። የሞተር ጎማ መሬቱን የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ነው። ያችን ቦታ አሸዋ ከሸፈናት ፍሬን አይዝም፤ መሪም አይታዘዝም።

ድሬዳዋ ደግሞ የአሸዋ ከተማ ናት። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል። በደንገጎ ተራራና በዙሪያው ባሉት ደጋማ ቦታዎች ዝናብ ሲጥል፣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ባይወርድ እንኳ፣ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ ያን ሌሊት የድሬ ሰው አይረሳውም። ከዚያ ያነሰው፣ በየዓመቱ የሚመላለሰው ጎርፍ ሰው ባይገድልም በየድልድዩ መግቢያ፣ በየመታጠፊያውና በየዝቅተኛው ቦታ አሸዋና ደለል ትቶ ይሄዳል። መኪናው አቧራ አስነሥቶ ያልፋል። ሞተረኛው ግን መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዝ ከሥሩ ይንሸራተታል።

ስለዚህ በድሬዳዋ አሸዋ መጥረግ የጽዳት ሥራ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ የመንገድ ደህንነት ሥራ ነው። ጎርፍ ካለፈ በኋላ በቅድሚያ መጠረግ ያለባቸው ቦታዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው። ወደ ደቻቱ ድልድዮች የሚያስገቡት ቁልቁለቶች፣ አደባባዮችና አስፋልቱ ከኮብልስቶን ጋር የሚገናኝባቸው መጋጠሚያዎች ናቸው። እነዚህን ጎርፉ ባለፈ ማግስት የሚጠርግ ቡድን መመደብ ማሽን መግዛትን አይጠይቅም፤ መጥረጊያ፣ አካፋና የሥራ ተራ ይበቃዋል።

ሌሎችም ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ብረቶች ወደ ጉዞው አቅጣጫ ከተዘረጉ ቀጭን ጎማ ይውጣሉ፤ አግድም ከሆኑ አይውጡም። ክዳኑ የተሰበረ ዲች ወይም ከአስፋልቱ ዝቅ ያለ ማንሆል ለመኪና ጉድጓድ ነው፤ ለሞተር ወጥመድ ነው። ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በጨለማ አይታይም። ኮብልስቶኑ ሲረገጥና ሲወለወል ኖሮ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ጥገና ተብሎ የተቆፈረ አስፋልት አፈር ብቻ ተመልሶበት ሳምንታት ሲቆይም ቀድሞ የሚጎዳው ሞተረኛው ነው።

የድሬዳዋ የአየር ጠባይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርበታል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰው ከቀትር በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከተማው እንደገና የሚነቃው ሲመሽ ነው። ገበያው፣ ጥየቃው፣ ሻዩ፣ የዕቃ ማድረሱ ሥራ ሁሉ ወደ ምሽት ይገፋል። ስለዚህ የድሬ ሞተረኛ ከደጋ ከተሞች ሞተረኛ ይልቅ በጨለማ አብዝቶ ይነዳል ማለት ይቻላል። በዚች ከተማ የመንገድ መብራት፣ የሚያንጸባርቅ መስመርና በየመታጠፊያው የሚያብረቀርቅ ምልክት እንደ ጌጥ ሊቆጠሩ አይችሉም። ግመልና አህያ፣ ጋሪና መብራት የሌለው ብስክሌት በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ሕይወትን የሚያተርፈው ቀድሞ መተያየት ነው።

በመጨረሻም ባጃጅ አለ። ባጃጅ መንገደኛ ባየበት ይቆማል፤ ምክንያቱም እሱም የራሱ መቆሚያ በበቂ አልተበጀለትም። ድንገት ሲቆም ከኋላው ያለው ሞተረኛ ወደ መንገዱ መሀል ይሸሻል፤ እዚያ ደግሞ ከባድ መኪና አለ። ሞተረኛን ለመጠበቅ ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ ስለዚህ ስለ ሞተር ሳይሆን ስለ ባጃጅ ነው። በተጨናነቁ መንገዶች ላይ ከአስፋልቱ ገባ ያለ፣ በቀለም የተለየ የባጃጅ መጫኛና ማውረጃ ቢበጅ ለሁሉም ይጠቅማል።

የማቆሚያው ጥያቄ የጥላ ጥያቄ ነው

ስለ ማቆሚያ ሲነሣ የሚሰጠው የተለመደ መልስ "ቦታ የለም" የሚል ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። አንድ የመኪና ማቆሚያ በተለመደው ልክ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር ነው። በዚያው ቦታ ሞተሮች ፊታቸውን ወደ ጠርዙ አድርገው ቢቆሙ አምስት ሞተር ይይዛል። አንድ የመኪና ቦታ ለሞተር ሲለወጥ አምስት ሞተር ከእግረኛ መንገድ ይነሣል ማለት ነው። በሃያ የመኪና ቦታ መቶ ሞተር ይነሣል።

ቦታው የት ይሁን የሚለው ላይ የድሬዳዋን ጠባይ ማወቅ ግድ ይላል። ከጥላ ርቆ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ በፀሐይ የተሠራ የሞተር ማቆሚያ ባዶውን ይውላል። ሞተረኛው ቅጣትም ቢኖር ተመልሶ ዛፉ ሥር ይገባል። መቀመጫውና እጀታው ብቻ አይደሉም የሚግሉት፤ የነዳጅ ታንከሩ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥላ የሌለው ማቆሚያ እዚህ ከተማ ማቆሚያ አይባልም።

ዛፉ ባለበት መንገድ መፍትሔው ሞተሩን ከዛፉ ማባረር ሳይሆን በዛፉ በሌላው ጎን ማቆም ነው። የዛፉ ጥላ እግረኛ መንገዱ ላይ ብቻ አያርፍም፤ ከፊሉ አስፋልቱ ዳር ያርፋል። በዚያ በኩል ካለው የመኪና መቆሚያ ጥቂቱ ለሞተር ቢሰመር ሞተሩ ጥላ ያገኛል፣ እግረኛውም መንገዱን ያገኛል። በከዚራ ሰፋፊ መንገዶች ይህ የሚከብድ አይደለም። ዛፍ በሌለበት ደግሞ እስኪተከልና እስኪያድግ ድረስ ቀላል የቆርቆሮ ወይም የሸራ ዳስ ይበቃል። በቀፊራ፣ በታይዋን ገበያና በሆስፒታሎች ደጅ ዳሱ መቅደም አለበት፤ ዛፉም በዚያው ዕለት መተከል አለበት።

የመንገድ ጥግ ሌላ ያልተጠቀምንበት ዕድል ነው። መስቀለኛ መንገድና ዜብራ አጠገብ መኪና እንዲቆም አይፈቀድም፤ ምክንያቱም የሚሻገረውን ሰው ይከልለዋል። ሞተር ግን ዝቅ ያለ ስለሆነ እንደ መኪና አይከልልም። በብዙ ከተሞች ከዜብራው ቀድማ ያለችው ቦታ ለሞተርና ለብስክሌት የምትሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። መኪና እንዳይቆምባት በሞተር ትያዛለች፤ የሚሻገረውም ሕፃን ከሩቅ ይታያል።

መጋላ ለብቻው መታየት አለበት። በጠባቡ መንገድ ውስጥ ማቆሚያ ማስመር አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። እዚያ የሚሻለው በሰፈሩ መግቢያዎች ላይ በርከት ያሉ ትናንሽ ማቆሚያዎችን አዘጋጅቶ ውስጡን ለእግረኛና ለዕቃ ማራገፊያ መተው ነው። ዕቃ የሚያደርስ ሞተር በጠዋት በተወሰነ ሰዓት ይግባ፤ ገበያው ሲደራ ይውጣ። ባለሱቁ ዕቃውን ያገኛል፣ ገዢውም ቆሞ ይገበያያል።

ጥላውና ቦታው ቢገኝም ጠባቂ ከሌለው ሞተረኛው አያምነውም። ሞተር በቀላሉ ይሰረቃል፤ ሁለት ሰው አንሥቶ ሊጭነው ይችላል። ስለዚህ መሬት ላይ የተቀበረ፣ ሰንሰለት የሚያስገባ የብረት ቀለበት ያስፈልጋል። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ቁጥር ያለው ካርድ እየሰጡ ቢጠብቁት ሞተሩ ይጠበቃል፣ ለወጣቶቹም የእንጀራ ገመድ ይሆናል። ክፍያው የሞተርን መጠን ያገናዘበ ይሁን፤ የመኪናን ያህል ቦታ የማይዝ ሰው የመኪናን ያህል መክፈል የለበትም።

መከልከል ያስተማረን

በሀገራችን የሞተር ጉዳይ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ክልከላ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ከለከለች። ምክንያቱ በሞተር ታግዘው የሚፈጸሙ ዝርፊያዎች መብዛታቸው ነበር፤ ሕዝቡም ስልኩን ከእጁ፣ ሐብሉን ከአንገቱ እየተነጠቀ ምርር ብሎት ነበር። ይሁን እንጂ የመልእክትና የማድረስ ሥራ ያለ ሞተር ስለማይሆን ከክልከላው ውጭ የሚሆኑ ተለዩ፤ ፈቃድና ምዝገባ መጣ። በየካቲት 2015 መጨረሻ ደግሞ ባጃጅ በአዲስ አበባ ታገደ፤ ኋላም በተወሰኑ መስመሮች እንዲመለስ ተፈቀደ።

ሁለቱም ጊዜ መጨረሻ ላይ የተደረሰበት ነገር አንድ ነው፤ ምዝገባ፣ የተለየ መስመር፣ የተለየ ሥርዓት። ክልከላው ችግሩን አጉልቶ አሳየ፤ የሚፈታው ግን ሥርዓቱ መሆኑ ታወቀ። ድሬዳዋ ከዚህ የምትማረው ነገር አለ፤ መጀመሪያ ከልክላ ኋላ ወደ ሥርዓት ከምትመጣ ከሥርዓቱ ልትጀምር ትችላለች።

ስለ ወንጀል የሚነሣው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የታወቀ ማቆሚያ፣ የካርድ ቁጥርና ጠባቂ ባለበት ከተማ ሰሌዳ የሌለው ሞተር ቶሎ ይለያል። ሞተር በየጥጉና በየግቢው ተሸሽጎ በሚቆምበት ከተማ ግን ሌባውም ሠራተኛውም አንድ ይመስላሉ። ሥርዓት የሚያስፈራው ወንጀለኛውን እንጂ ሠርቶ አዳሪውን አይደለም።

"ቦታ ከሰጠናቸው ይበዛሉ" የሚለው ስጋትም መልስ ይሻል። ሞተር የሚበዛው ማቆሚያ ስለተሠራለት አይደለም፤ ከተማው ስለሰፋ፣ የአውቶቡስ አገልግሎት በሁሉም አቅጣጫ በበቂ ስላልደረሰ፣ የኑሮ ውድነት መኪናን ሩቅ ስላደረገው ነው። ብዛቱን መቀነስ የሚፈልግ ከተማ አውቶቡሱን ያበራክት፤ የእግረኛ መንገዱን ጥላ ያልብሰው። እስከዚያው ግን ያለውን ሞተር ሥርዓት ማስያዝ ግዴታ ነው።

ሌሎች የሄዱበት

ማሌዥያ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኩዋላ ላምፑርን ከወደቡ ከተማ ጋር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ለሞተር ብቻ የተለየ መስመር ሠራች። መስመሩ ሲራዘም የተደረገ ጥናት የሞተር አደጋ በዚያ መንገድ በ39 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ድሬዳዋ እንዲህ ያለ ሰፊ ጎዳና በመሀል ከተማ የላትም፤ ሐሳቡ ግን ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚወስዱት ከባድ መኪና በሚበዛባቸው መንገዶች ላይ ይሠራል። ሰፋ ያለ፣ የተጠረገና በግልጽ የተሰመረ የመንገድ ትከሻ ሞተረኛውን ከከባድ መኪና ጎማ ያርቀዋል።

በታይዋን ከተሞች ሞተር የሕዝቡ ዋነኛ መጓጓዣ ነው። እዚያ በመስቀለኛ መንገዶች ላይ ከመኪናዎች መቆሚያ መስመር ፊት ለፊት ለሞተር ብቻ የተቀባ ሳጥን አለ። መብራቱ እስኪለቅ ሞተሮች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ሲለቅ ቀድመው ይወጣሉ። በመኪኖች መሀል እየተሽሎከለኩ ከመጠበቅ ይድናሉ፤ ሾፌሩም ያያቸዋል። ወደ ግራ የሚታጠፍ ሞተረኛ ደግሞ በብዙ መገናኛዎች ላይ መሀል ገብቶ ከመታጠፍ ይልቅ በቀጥታ ተሻግሮ፣ በዚያ በኩል በተሰመረለት ሳጥን ቆሞ፣ ቀጣዩን መብራት ጠብቆ ይሻገራል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ቀለምና የትራፊክ ፖሊስ ትዕግሥት ነው።

ፓሪስ ከመስከረም 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ ሞተሮችን የማቆሚያ ክፍያ ማስከፈል ጀመረች፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ግን በነጻ ታስቆማለች። ይህ ለእኛም ትርጉም አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚገጣጥሙ ድርጅቶችም አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ጀምረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪ ከፍተኛ ሙቀትን አይወድም፤ ፀሐይ ላይ ሲውል ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ባለጥላ ማቆሚያ ነገ የኃይል መሙያ ሊገባበት የሚችል፣ የከተማዋን የወደፊት መጓጓዣ የሚያዘጋጅ ሥራ ነው። መስመሩን ከአሁኑ ቀብሮ መተው በኋላ አፍርሶ ከመሥራት ይረክሳል።

ሞተረኛው የሚከፍለው ዕዳ

ቦታ የሚጠይቅ ሰው ግዴታም ይቀበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከነዚህ 21 በመቶው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። ሄልሜት በጥናት የተረጋገጠ ጥቅም አለው፤ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሀገራችን የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ሄልሜት ማድረግን ከደነገገ ዓመታት ተቆጥረዋል።

በድሬዳዋ ግን ሄልሜቱ ጭንቅላት ላይ ከመሆን ይልቅ ክንድ ላይ ወይም መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ይሞቃል። ሙቀቱ ሰበብ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ችግር ነው። መልሱ ግን ሄልሜቱን መተው ሊሆን አይችልም። ሞቃታማዋ ቬትናም በታኅሣሥ 2007 (እ.ኤ.አ.) ሄልሜትን በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ ስታደርግ የሞተረኛው ልማድ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተለውጧል፤ አየር የሚያስገቡ ቀለል ያሉ ሄልሜቶችም በገበያዋ ተስፋፉ። ወደ ድሬዳዋ የሚገባው ሄልሜት አየር ማስገቢያ ያለውና ጥራቱ የተረጋገጠ ቢሆን፣ ነጋዴው ይህን እንዲያመጣ ቢበረታታ ሙቀቱ ሰበብ መሆኑ ይቀራል። የማቆሚያው ጠባቂ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ሄልሜቱንም በቁጥር ተቀብሎ ቢያስቀምጥ ሞተረኛው ቀኑን ሙሉ ይዞት ከመዞር ይድናል። ይህች ትንሽ አገልግሎት ብዙ ሰው ሄልሜት እንዲይዝ ታደርጋለች።

በኪጋሊ ሞተር ታክሲ ነጂው ሁለት ሄልሜት ይዞ ይወጣል፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የተሳፋሪው ነው። የድሬ ሞተረኛም ኋላው የሚያስቀምጠው ወንድሙ ወይም ልጁ ጭንቅላት ከራሱ ጭንቅላት እንደማያንስ ማወቅ አለበት። ሦስት ሆኖ መጫን፣ በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት፣ በብስክሌት መስመር መግባት፣ ባልተፈቀደ አቅጣጫ መሄድ የሚቀርበት ዘመን መሆን አለበት። ቦታ ሲሰጠው ሰበቡ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጣልበት ቅጣት ፍትሐዊ ይሆናል። ቦታ ሳይኖረው የሚቀጣ ሰው ግን ቅጣቱን እንደ ግብር ከፍሎ ወደዚያው ጥላ ይመለሳል።

ሲሚንቶው ሳይደርቅ

ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቶ ድሬዳዋ ደርሷል። የእግረኛ መንገድ ይነጠፋል፣ መብራት ይተከላል፣ ጠርዝ ይገነባል። ሞተርን የማሰብ ጊዜው አሁን ነው፤ አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት። ጠርዙ ከተገነባ በኋላ የሞተር ማቆሚያ ለመሥራት ማፍረስ ይጠይቃል፤ አሁን ከሆነ ግን በንድፉ ላይ አንድ መስመር ማስመር ይበቃል። ሞተር የማይታሰብበት አዲስ የእግረኛ መንገድ ደግሞ ሰፊና ለስላሳ ስለሚሆን ለሞተር ማቆሚያነት ከአሮጌው የበለጠ ይመቻል። የተሠራለት እግረኛ ያጣዋል ማለት ነው። የብስክሌት መስመር ቢሰመርም ካልተጠበቀ በሁለት ወር ውስጥ የሞተር መስመር ይሆናል።

ስለዚህ ለድሬዳዋ አስተዳደርና ለመንገድና ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶቹ የምናቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ይቆጠር። በየመንገዱ በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት ስንት ሞተር እንደሚያልፍ፣ ስንቱስ የት እንደሚቆም ሳይታወቅ የሚሠራ ማቆሚያ ግምት ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን በአንድ ወር ሊሠሩት ይችላሉ። የአደጋ መዝገቡም ሞተርን ለብቻው፣ ቦታውንና ምክንያቱን ለይቶ ይያዝ፤ ብዙ ሞተረኛ የወደቀበት መታጠፊያ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ አሸዋውን የት እንደምንጠርግ አናውቅም።

ቀጥሎ በብዛት ሰው በሚመላለስባቸው ቦታዎች፣ በቀፊራና በታይዋን ገበያ ዙሪያ፣ በድል ጮራ ሆስፒታል ደጅ፣ በለገሃርና በሳቢያን፣ ባለጥላ የሞተር ማቆሚያ ለሙከራ ይሠራ። ማቆሚያው የሚሠራው ሞተሩ አሁን ከቆመበት ቦታ አጠገብ ይሁን፤ ሩቅ ከሆነ አይጠቀሙበትም። ለመሥሪያ ቤቶችና ለአዳዲስ ሕንፃዎች የሚሰጠው የግንባታ ፈቃድም የመኪና ማቆሚያ እንደሚጠይቅ ሁሉ የሞተር ማቆሚያም ይጠይቅ። ባንክ፣ ሆቴልና የገበያ ማዕከል የሚመጣባቸውን ሞተር በራሳቸው ግቢ ካላስተናገዱ ሸክሙ ወደ ሕዝብ መንገድ ይወርዳል።

ሦስተኛው ጥገና ነው። ጎርፍ ባለፈ ማግስት የሚጠርግ ቡድን፣ ጉብታን የሚቀባ፣ የተሰበረ የዲች ክዳን የሚተካና ፍርግርጉን አግድም የሚያዞር ቋሚ የሥራ ዝርዝር ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከኮሪደሩ ወጪ አንጻር ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ተጠያቂ ሰው መመደብን ነው። ሥራውም ሲጀመር ሞተረኞቹ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ባለሱቆቹና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ሞተር ከቆመበት የእግረኛ መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው ከእሱ በላይ የሚነግረን የለም።

ሥራው ከተሠራ በኋላ ስኬቱን የምንለካበት መመዘኛም ከአሁኑ ይታወቅ። ማቆሚያው ሞላ ማለት ብቻ በቂ አይደለም። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ዙሪያ ባለው ጎዳና ላይ ስንት ሜትር የእግረኛ መንገድ ነጻ ወጣ? በዚያ መታጠፊያ ስንት ሰው ከመውደቅ ዳነ? ስንት ሰው ሄልሜት አድርጎ መጣ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በየስድስት ወሩ በይፋ መልስ ይሰጣቸው። መልሱ ጥሩ ከሆነ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ይስፋ፤ ካልሆነ ይታረም። ድሬዳዋ ይህን ለመሥራት የሌላ ከተማን ፈቃድና ምሳሌ መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ ባጃጅን ቀድማ እንደለመደች ሁሉ ሞተርን በሥርዓት በማስተናገድም ለሐረር፣ ለጅግጅጋና ለሌሎች የሀገራችን ከተሞች ቀዳሚ ልትሆን ትችላለች።